ስለ ጋሼ ትንፋሽ ቀለም መበላሸት የቀረበ ይቅርታ

ለተከበሩ የጋራ ወርክሾፖች ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እንዴት ሰነበቱ? ጀርባዎ፣ ጆሮዎ፣ በተለይም ልብዎ ደህና ነው? እርስዎ የሚያስተዳድሩን ተከራዮች፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ሙሉ ነን፤ ማለትም የሁላችንም ራስ፣ እጅና እግር በየቦታው ይገኛል። ይህን ለወጉ ያህል እንደጻፍኩት አይቁጠሩብኝ። ከዚህ በታች እንደሚረዱት፣ እስከ ዛሬ ሙሉ ሆነን መቆየታችን በማዕከሉ ዕቅድ ውስጥ ያልነበረ ውጤት ነው።

እኔ ከዋናው በር ሲገቡ በስተቀኝ የምሠራው የሶፋ አናጺ ነኝ። ፊቴን ካላስታወሱት አልቀየምም፤ ባለፈው ሳምንት በፊርማዎና በክብ ማኅተምዎ ያጌጠ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የጻፉለት ሰው ነኝ። በዚያ ደብዳቤ «ማዕከሉ በከፍተኛ ጥረት ያደሰውን የጋራ ንብረት ሆን ብሎ በውሃ በመሙላት ከጥቅም ውጭ አድርጓል» ካሉኝ በኋላ ይቅርታ እንድጠይቅ፣ ይቅርታዬም ሁሉም እንዲያነበው በበሩ አጠገብ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ አዘዋል። እኔ ደግሞ ትእዛዝ አክባሪ ነኝና ይኸው ለጥፌዋለሁ። ቦታ ስለጠበበኝ ስለ ግቢ ጽዳት የወጣውን የክቡርነትዎን ማሳሰቢያ ትንሽ ገለል ማድረግ ግድ ሆኖብኛል፤ እሱም ይቅርታ ከምጠይቅባቸው ጥፋቶች አንዱ ሆኖ ይያዝልኝ።

ሰሌዳው ከመንገድ ስለሚታይ፣ ግቢያችንን የማያውቅ አላፊ አግዳሚም ቆሞ ሊያነበው ስለሚችል፣ ነገሩን ከሥሩ እንድጀምር ይፍቀዱልኝ።

በግቢያችን ሁላችንም የምንጋራው አንድ የአየር ኮምፕረሰር አለ። በአራት አጫጭር እግሮች የቆመ፣ በአግድም የተኛ ትልቅ የብረት ታንከር ሲሆን፣ ጀርባው ላይ ሞተርና አየር የሚጨምቅ ፓምፕ ተሸክሟል። ፓምፑ አየሩን ወደ ታንከሩ ያጭቃል፤ ጎሚስታው ጎማ ይነፋበታል፣ መኪና ቀቢው ቀለም ይረጭበታል፣ እኔም በሶፋ ላይ ስፒል እመታበታለሁ። በዕድሜ ከብዙዎቻችን ይበልጣል። ሲነሳ መጀመሪያ ሁለቴ ያህል ይስልና ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ይስባል፤ በዚህም የተነሳ ጋሼ ትንፋሽ ብለን እንጠራዋለን።

አየር ሲጨመቅ ከውስጡ ውሃ ይወጣል፤ ውሃው በታንከሩ ሆድ ይተኛል፤ ካልተፈሰሰም ብረቱን ከውስጥ እያኘከ ይበላዋል። ስለዚህ በግቢያችን የቆየ ደንብ አለ። ሥራ ሲያበቃ መጨረሻ የሚወጣ ሰው ከታንከሩ ሆድ ሥር ያለችውን ትንሽ ቧንቧ ከፍቶ ውሃውን ያፈስሳል። ይህን ሥራ ጋሼን ማሸናት እንለዋለን። ቃሉ ለክቡርነትዎ ጆሮ እንደማይመጥን ባውቅም ሌላ ስም የለውም፤ «ጋሼ ሸንተዋል?» ሳይባል ግቢው ተቆልፎ አያውቅም ነበር። አንዳንዱ ይህን ጥያቄ ከ«ደህና እደሩ» አስበልጦ ያከብረው ነበር።

ከጋሼ ትንፋሽ ጀርባ ያለው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ነው። ከኮምፔንሳቶው ማዶ ደግሞ ታላቅ እህቴ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ የሶፋ ልብስ ትሰፋለች። እናታችን ከሞተችብን ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ ስለምትውል ወገቧን ያማታል፤ ኮምፕረሰሩ ሲሠራ ግድግዳው ስለሚሞቅ፣ ወንበሯን ወደ ግድግዳው አስጠግታ ጀርባዋን እሱ ላይ ታሳርፋለች። «ጋሼ ጀርባዬን ያሞቁልኛል» ትላለች። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ነገሩ በሙሉ ይህ ነው፤ አንድ አሮጌ ታንከር፣ አንድ ቀጭን ጣውላ፣ አንዲት እህት። ከዚህ በኋላ የማነሳውን ሁሉ ይህን ሥዕል በዓይንዎ ይዘው እንዲያነቡልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ዘንድሮ የጋሼ ትንፋሽ ጉልበት ደከመ። ታንከሩን ለመሙላት ግማሽ ቀን ይፈጅበት ጀመር። ተከራዮቹ ተሰባስበን ፓምፑን ፈታነው። ጎሚስታው አየር ያሾልክ የነበረውን ያረጀ የፒስተን ፋሻ ቀየረ፣ ቫልቮቹን ከጥቀርሻ አጸዳ፣ እኔ ሞተሩን ያንቀጠቀጠው የነበረውን መቀመጫ በደህና እንጨት ሠራሁለት፣ ፓምፑን የሚያዞር አዲስ ቺንጋ ገባለት፣ ዘይት ተቀየረለት። ሲነሳ መሳሉን አልተወም፤ ትንፋሹ ግን የጎረምሳ ሆነ። በሥራችን እንደ ልጅ ነው የፈነደቅነው።

በዚያው ሰሞን የክቡርነትዎ ቢሮ መሐንዲስ መጣች። ወጣት ናት፣ ንግግሯ ቁጥብ ነው። ፓምፑን አይታ አመሰገነችን፤ ቀጥላ ትንሽ መዶሻ አውጥታ የታንከሩን ሆድ ከዳር እስከ ዳር ስታንኳኳ ፊቷ ተለወጠ። ከላይ በኩል ብረቱ ጥርት ብሎ ይጮሃል፤ ከሆዱ በኩል ግን እንደ ረጠበ እንጨት ድፍን ያለ ድምፅ ነበር። ፓምፑ ገና ብዙ ዓመት እንደሚያገለግል፣ ታንከሩ ግን ተቆርጦ መጣል እንዳለበት ነገረችን። ማመን ያቃተው ካለም በውሃ ሞልቶ ይፈትነው አለች። ምክንያቱን ስታስረዳን ሁላችንም ገባን። የታጨቀ አየር እንደ ተጠመዘዘ ስፕሪንግ ነው፤ ታንከሩ ከተቀደደ ያ ሁሉ ጉልበት በአንዴ ይለቀቃል፣ የተቦጨቀው ብረትም ግድግዳና ሰው አይለይም። ውሃ ግን እንደ አየር አይጨመቅም፤ ታንከሩ በውሃ ቢቀደድ እግር ያረጥባል እንጂ እግር አይቆርጥም።

ይህንኑ በስብሰባ ላይ ለክቡርነትዎ አቀረበች። እርስዎም ፈገግ ብለው «ሠላሳ ዓመት ያልፈነዳ ዛሬ ምን ነክቶት ይፈነዳል?» አሉ። በስብሰባው ላይ ነበርኩና በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህ አባባልዎ ከአእምሮዬ አልጠፋም። በዚህ ስሌት ከሆነ እስከ ዛሬ ያልሞተ ሰው ከእንግዲህ አይሞትም ማለት ነው፤ ይህን የምሥራች ለሐኪሞች አለማድረስዎ ትሕትናዎን ያሳያል።

ብዙም ሳይቆይ ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች እንደሚመጡ ተሰማ፤ ማዕከሉም ጋሼ ትንፋሽን ሊያድስ ተነሳ። ስለዚህ እድሳት ለተደረገልን ውለታ በቅደም ተከተል ላመስግን።

አንደኛ፤ የታንከሩ ዝገት በግራይንደር እስኪያበራ ስለተፈገፈገልን። እርግጥ ነው፣ ከዝገቱ ጋር የተረፈችው ደህና ብረትም አብራ ተፈግፍጋለች። ዝገቱ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ደግሞ መኪና ቀቢያችን ታዞ በስቱኮ ተሞሉ፤ ያ የተጋጨ የመኪና በር የሚለሰንበት ስቱኮ ማለቴ ነው። ቀቢው ጥሩ ሰው ነው፣ እጁም ወርቅ ነው፤ «ጌታዬ፣ ይሄ በር እኮ አይደለም» ብሎ እንደነበር ነግሮኛል። እርስዎም «ቀባው» ብለዋል። ቀባው። ሲጨርስ ሰማያዊ ቀለሙ ፊት ያሳይ ነበር። እኔም ሳየው፣ አልዋሽም፣ ለአፍታ ልቤ ራሱ አምኖት ነበር።

ሁለተኛ፤ በታንከሩ ጎን ላይ የተሠራበት ዘመንና ሊሸከም የሚችለው የግፊት ልክ የተቀረጸባት ትንሽ ሳህን ነበረች። በላይዋ ላይ ቀለም ተቀብቶ የማዕከሉ አርማ ተለጠፈባት። ዕድሜን በቀለም መደበቅ ከሰው ልጅ ሁሉ የማይጠፋ ድካም ስለሆነ በዚህ ብዙ አልናገርም።

ሦስተኛ፤ ስለ ወለሉ። ለእንግዶቹ ክብር የኮምፕረሰሩ ክፍል ነጭ ሴራሚክ ተነጠፈበት። ጋሼ ትንፋሽ ግን የቢሮ ሥነ ሥርዓት አልተማረም፤ በመጀመሪያው ቀን ሲያሸኑት አዲሱን ሴራሚክ በዝገት ውሃ አበላሸው። ክቡርነትዎ ይህን ሲያዩ በጣም አዘኑ፤ ከዚያም ማፍሰሻዋ ቧንቧ ተነቅላ ቀዳዳው በቡሎን እንዲደፈን አዘዙ። አንድ ሰው እንኳ፣ በቢሮው ውስጥ አንድ ሰው፣ ባልዲ ማስቀመጥ እንደሚቻል ትዝ አላለውም። እኛ የግቢው ሰዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ተወያይተን መጨረሻ ላይ የደረስንበት ግንዛቤ፣ ባልዲ ከሰማያዊው ቀለም ጋር ስለማይሄድ ነው የሚል ነው።

አራተኛ፤ እዚህ ላይ ብዕሬ ቢጠነክር ይቅር ይበሉኝ። በታንከሩ አናት ላይ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ በራሱ ተከፍቶ የሚያስተነፍስ ቫልቭ ነበር። በምረቃው ቀን፣ ሪባኑ ተቆርጦ እርስዎ ንግግር በሚያደርጉበት ሰዓት፣ ይህ ቫልቭ ሥራውን ሠራ፤ ፊሽ ብሎ ጮኸ። እርስዎም ንግግርዎን ጥለው ዘለሉ፤ ዘለው የተገኙት ካሜራ ከያዘው ሰውዬ ጀርባ ነው። እንግዶቹ ሳቁ። ሁላችንም ሳቅን፤ ሳቃችን ለክቡርነትዎ እንዳልተዋጠልዎ የገባን ግን በማግስቱ ነው። ቫልቩ ወጥቶ በቦታው ሌላ ቡሎን ገባ። አንዱ ቡሎን ከሆዱ ሥር፣ ሌላው ቡሎን ከአናቱ ላይ። መሽናትም መተንፈስም ተከለከለ። ክቡር ሆይ፣ ሰውን እንዲህ ቢያደርጉት ምን እንደሚሆን ያውቃሉ፤ ብረትንም እንዲህ ቢያደርጉት ምን እንደሚሆን አንዲት ሴት መሐንዲስ ደመወዝ እየተከፈላት ልትነግርዎ በቢሮዎ ተቀምጣ ነበር።

አምስተኛ፤ መሐንዲሷ ይህን አይታ ዝም አላለችም፤ ለሁለተኛ ጊዜ ጻፈችልዎ። እርስዎም ወዲያው በማዕከሉ የሚገኙ ወንበሮችንና ጠረጴዛዎችን እንድትቆጥር መደቧት። የወንበር ፍንዳታ ያሳሰበው አስተዳደር በእርስዎ ዘመን በማየታችን ኩራት ይሰማናል።

ስድስተኛ፣ ሰባተኛ እያልኩ መቀጠል እችል ነበር፤ ግን ሰለቸኝ። ስለ እህቴ ልናገር።

እትዬን ወንበሯን ከዚያ ግድግዳ እንድታነሳ ለመንኳት። ማሽኗን ከመስኮቱ ብርሃን አርቃ ልታስቀምጠው እንደማትችል ታውቃለች፤ ግን እምቢ ያለችው በዚህ ብቻ አይደለም። ቀለሙን አይታው ነበር። «አንተ ደግሞ ነገር ማክረር ትወዳለህ፤ ቢሮው አድሶት፣ እንዲህ አምሮበት እያየኸው?» አለችኝ። ተጣላን። ያሳደገችኝ እህቴ እኔን ሳይሆን የእርስዎን ቀለም አመነች፤ እኔ ደግሞ የማደርገው ጠፍቶኝ ስቱኮውን በጥፍሬ ፍቄ ላሳያት ስሞክር ጥበቃው ይዞ አስወጣኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ንዴት በጨዋ አማርኛ ለመጻፍ ብዙ ሞክሬ አልሆነልኝም። አንጀቴ አረረ ብቻ ልበል።

ከዚያ በኋላ እትዬ በየጠዋቱ ከግድግዳው ሥር ቡናማ ውሃ እየሰረገ ወደ ክር ከረጢቷ እንደሚመጣ ነገረችኝ። ሴራሚኩ ሲታጠብ የሚፈስስ መስሏት በጨርቅ እየጠረገች ትቀመጥ ነበር። ክቡርነትዎ ያስደፈኑት ጋሼ ትንፋሽ የራሱን ቀዳዳ አግኝቶ በስቱኮው ሥር ማላብ ጀምሮ ነበር። ሮጬ ወደ ቢሮዎ መጣሁ። ጉዳዩን ሰምተው በአስቸኳይ እርምጃ ወሰዱ፤ መኪና ቀቢውን ከተጨማሪ ስቱኮ ጋር ላኩት። የላኩትም ራስዎ ከበሩ ደፍ ሳያልፉ፣ ውጭ ቆመው በጣትዎ እያመለከቱ ነው። ከምረቃው ቀን ወዲህ ወደዚያ ክፍል አንድም ቀን ገብተው አያውቁም፤ ይህን ያስተዋልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ቢሮ በሚዘጋበት የዕረፍት ቀን ተሰበሰብን። ቧንቧ ሠራተኛው የቧንቧ መስመር የሚፈትንበትን የእጅ ፓምፕ ይዞ መጣ፤ መሐንዲሷም ከወንበር ቆጠራዋ ዕረፍት ላይ ስለነበረች መጣች። ሞተሩንና ፓምፑን ከታንከሩ ለየን፣ ሁለቱን ቡሎኖች ፈታን፣ ታንከሩን አፍ እስከ ገደፉ በውሃ ሞላነው፤ አንዲት የአየር አረፋ እንኳ እንዳትቀር መሐንዲሷ ጎንበስ ቀና እያለች ታይ ነበር። እትዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በር ላይ ቆማ «የሰው ሥራ ልታበላሹ ነው! ነገ ሰውየው ቢጠይቃችሁ ምን ልትሉ ነው?» እያለች ትቆጣን ነበር። በውነት በዚያ ግቢ ውስጥ ክቡርነትዎን የሚፈራልዎ አንድ ሰው ቢኖር እሷ ነበረች።

ቧንቧ ሠራተኛው ማንሻውን ዝቅ ከፍ ማድረግ ጀመረ። የመለኪያው ቀስት ቀስ እያለ ወጣ። በየቀኑ የምንሠራበት ግፊት ላይ ሊደርስ ገና ሩቅ ሲቀረው፣ ሰማያዊው ቀለም በሆዱ በኩል እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውሃ ቋጠረ። ከዚያ ስቱኮው ቀጭ ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀና ገል ሆኖ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ከኋላው ብረቱ የብየዳውን መስመር ተከትሎ ክንድ ያህል ተተረተረ፤ ቡናማ ውሃ በአዲሱ ሴራሚክ ላይ ተዘረገፈ። ያ ብቻ ነበር የሆነው። ጫማችን ረጠበ። ማንም አልተጎዳም።

የተተረተረው በእህቴ ግድግዳ በኩል ነው።

እትዬ ቁጣዋን ትታ ገባች። ውሃው ውስጥ ተንበርክካ እጇን በቀዳዳው ሰደደች፤ ከዚያም የብረቱን ጠርዝ፣ ጨርቅ ስትገዛ እንደምታደርገው፣ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል ይዛ አሸት አሸት አደረገችው። «ይሄማ ገበር ነው» አለች። ለማያውቅ አንባቢ፣ ገበር ማለት ከሶፋ ጨርቅ ሥር የምንሰፋው፣ እፍ ቢሉት የሚነሳው ስስ ጨርቅ ነው። ከዚያ ተነስታ ወደ ክፍሏ ሄደች። ተከተልኳት። ወንበሯ ላይ አልተቀመጠችም፤ አጠገቡ ቆማ መደገፊያውን ትመለከት ነበር። ከዚያ ወንበሩን በሁለት እጇ ይዛ ከግድግዳው ጎትታ አራቀችው። እናታችንን ስንቀብር እኔን የያዙኝ እነዚያው እጆች ናቸው።

ለዚህ ነው ማስጠንቀቂያ የጻፉልኝ። ቀለም ስላበላሸሁ።

ስለዚህ እንደታዘዝኩት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቀለሙን ስላበላሸሁ ይቅርታ። ሴራሚኩን ዳግመኛ ስላቆሸሽኩ ይቅርታ። በክቡርነትዎ ምረቃ ላይ ያጨበጨቡትን እንግዶች፣ ያጨበጨቡት ለስቱኮ መሆኑን እንዲያውቁ በማድረጌ ይቅርታ። ታንከሩ በአየር ተሞልቶ፣ በሥራ ሰዓት፣ ሁላችንም በየቦታችን ሳለን እንዲፈነዳ ባለመታገሤ፣ በዚህም ክቡርነትዎ በሐዘን ቤት ተገኝተው ሊያደርጉ የሚችሉትን ልብ የሚነካ ንግግር ስላስቀረሁብዎ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ እኔም ብዕሬን አስቀምጥ ነበር። ግን አላለቀም። የዕረፍቱ ቀን ባለፈ በማግስቱ ሰዎችዎ መጥተው የተቀደደውን ታንከር ጫኑት። የግቢያችን በያጅ «እንዲህ በሳሳ ብረት ላይ አልበይድም፤ የሰው ነፍስ አለበት» ስላለ ወደ ውጭ ተወሰደ። ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሶ መጣ፤ በቁስሉ ላይ ቁራጭ ላሜራ ተለጥፎበት፣ ቡሎኖቹ እንደገና ገብተውለት፣ ፓምፑ ጀርባው ላይ ታስሮለት፣ በአዲስ ቀለም። አሁን አረንጓዴ ነው። ከደብዳቤዎ ጋር የወጣው ማስታወቂያ ደግሞ «እድሳቱ በድጋሚ ስለተጠናቀቀ በሚቀጥለው ሳምንት ሥራ ይጀመራል፤ ፈቃደኛ ያልሆነ ተከራይ ቦታውን ይለቃል» ይላል።

ፈቃደኞች አይደለንም። ይህን የምለው በራሴ ስም ብቻ አይደለም፤ ጎሚስታው፣ በያጁ፣ ያንን ስቱኮ በእጁ የለጠፈው መኪና ቀቢ ሳይቀር፣ ሁላችንም ማብሪያውን ላንነካ ተነጋግረናል። የምንፈልገው ነገር ለአስተዳደርዎ የሚከብድ አይመስለኝም። ታንከሩ ይቆረጥ፤ ዳግመኛ ማንም እንዳያድሰው ሁለት ቦታ ይቆረጥ። ፓምፑ ደህና ነውና በአዲስ ታንከር ላይ ይቀመጥ። ማፍሰሻና ማስተንፈሻ ይኑረው። መሐንዲሷ ወደ ሥራዋ ትመለስ፤ ወንበሮቹን እኔ ራሴ እቆጥርልዎታለሁ፣ አብዛኞቹን የሠራኋቸው እኔ ነኝ። እስከዚያው ስፒል በመዶሻ እመታለሁ፣ ጎማም በእግር ፓምፕ ይነፋል። ሥራችን ይጓተታል። ይጓተት።

ይህን ረጅም ይቅርታ ታግሠው እስከዚህ ካነበቡ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ለሰጡን ቀለም፣ ለነፈጉን ባልዲ፣ ከበሩ ደፍ ላይ ሆነው ለሚያደርጉልን የቅርብ ክትትል በድጋሚ እያመሰገንኩ፣ ጤናና ረጅም ዕድሜ ለክቡርነትዎ፣ አጭር ዕድሜ ለታንከርዎ እመኛለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ ሙሉ አካል ያለው ተከራይ
የሶፋ አናጺው

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ አንድ ነገር ስለተፈጸመ ሳላሳውቅዎ መቅረት አልፈለግሁም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ እርስዎ ስብሰባ ላይ ሳሉ፣ ተከራዮቹ ተረዳድተን ጋሼ ትንፋሽን ከነአረንጓዴ ቀለሙ ከእትዬ ግድግዳ አንስተን፣ ከቢሮዎ በስተጀርባ ባለው ባዶ ዕቃ ቤት ውስጥ አስቀምጠነዋል፤ የክቡርነትዎ ወንበር ከሚደገፍበት ግድግዳ ጋር አስጠግተን። ግድግዳው ያው ኮምፔንሳቶ ነው፤ አንኳኩቼ አረጋግጫለሁ። የመብራት መስመሩ ተስቦ፣ ማብሪያው በጠረጴዛዎ ላይ፣ በቀኝ እጅዎ በኩል ተቀምጧል። ማንም አልነካውም፤ ሁለት ጊዜ ያደሱት እርስዎ ስለሆኑ የማስነሳቱን ክብር ለእርስዎ ትተናል። እትዬ ለወንበርዎ የሚሆን የጀርባ ትራስ ሰፍታለች፤ ገበሩን ከራሷ ጨርቅ አድርጋለታለች። ሲሞቅ ለወገብ በጣም ደስ እንደሚል እንድነግርዎ አደራ ብላኛለች። ትራሱን ወንበርዎ ላይ አስቀምጠነዋል፤ ወንበሩን ወደ ግድግዳው ማስጠጋት ግን የእርስዎ ፋንታ ነው።